እስረኛን በሚመለከት የሕግ አስተያየት ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች፣

ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥታችሁ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ በፖሊስና በደኅንነት ተቋማት የሕግ ክፍል የተመደባችሁ ወይም ለመመደብ የምታስቡ ብዙ ናችሁ። አብዛኛው ሥራችሁ ውል መመርመር፣ መመሪያ ማርቀቅ፣ የሠራተኛ ክርክር መከታተል ይሆናል። አንድ ቀን ግን «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም ያረፈበት አጭር ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄው፦ በያዝነው ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብንፈጽም ሕጉ ይፈቅዳል ወይ? የሚል ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያ ቀን ነው። መማሪያ የማደርገው ከሴፕቴምበር 2001ዱ የአልቃይዳ ጥቃት በኋላ አሜሪካ በያዘቻቸው ተጠርጣሪዎች ላይ የደረሰውን ጉዳይ ነው፤ የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ለማሰቃየት እንዴት መንገድ እንደሚጠርግ ከራሱ ከሰነዱ፣ መስመር በመስመር ማንበብ የሚቻልበት ሌላ ጉዳይ እምብዛም ስለሌለ። (የአሜሪካኑን ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን ሕጎች በእኛው ዓመተ ምሕረት እጠቅሳለሁ።)

በዋሽንግተን በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ የሕግ ምክር ቢሮ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ሥራው ለፕሬዚዳንቱና ለአስፈጻሚው አካል «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብሎ በጽሑፍ መመለስ ነው። ፍርድ ቤት አይደለም፤ ክርክር አይሰማም፤ የእስረኛው ጠበቃም አይቀርብበትም። ሆኖም የሚሰጠው አስተያየት በቆየ ልማድ አስፈጻሚውን በሙሉ ያስራል። አስተያየቱ ምስጢር ከተባለ ደግሞ ይግባኝ የሚል ሰው የለም። በዚያ ላይ በአስተያየቱ ተማምኖ የሠራ መርማሪ ኋላ ሲጠየቅ «የሕግ ባለሙያ ፈቅዶልኛል» ይላል፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2005 መጨረሻ ባወጣው የእስረኞች አያያዝ ሕግ ይህን መከራከሪያ በጽሑፍ አስፍሮታል። እንግዲህ አስተያየት ጸሐፊው ገና ላልተፈጸመ ድርጊት አስቀድሞ ከለላ እየሰጠ ነው ማለት ነው። ሥልጣኑ ይህን ያህል መሆኑን ልብ ሳትሉ ብዕር አታንሱ።

ኦገስት 1 ቀን 2002 ሁለት ማስታወሻዎች ወጡ። የፈረሙት የቢሮው ኃላፊ ጄይ ባይቢ ናቸው፤ ዋናው አርቃቂ ጆን ዩ ነበሩ። የመጀመሪያው 50 ገጽ ነው፤ የተጻፈውም ለፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ ለአልቤርቶ ጎንዛሌስ። የሚተረጉመው ድንጋጌ አሜሪካ የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት ባጸደቀችበት በ1994 ያወጣችው የወንጀል ሕግ ነው። ከአገሪቱ ግዛት ውጭ፣ በሥልጣን ሽፋን፣ በቁጥጥሩ ሥር ባለ ሰው ላይ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ሥቃይ ለማድረስ አስቦ የፈጸመ እስከ 20 ዓመት ይታሰራል፤ ተጎጂው ከሞተ በሞት ሊቀጣም ይችላል።

ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው «ከባድ» በሚለው ላይ ነበር። ቀናው መንገድ ግልጽ ነው፤ ተራውን ትርጉም ማየት፣ ስምምነቱ ሲረቀቅ የተባለውን ማንበብ፣ ፍርድ ቤቶች ቀደም ብለው የወሰኑትን መፈተሽ። ማስታወሻው ግን የጤና መድን ሕጎች ዘንድ ሄደ። እነዚያ ሕጎች የድንገተኛ ሕክምና ወጪ መቼ እንደሚሸፈን ነው የሚወስኑት። ሰው ከባድ ሕመም ሲሰማውና አስተዋይ የሆነ ተራ ሰው «ቶሎ ካልታከመ የአካል ክፍሉ ሥራ ሊያቆም ይችላል» ብሎ የሚሰጋ ሲሆን፣ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው ይላሉ። እዚያ ሕመሙ ምልክት ነው፤ ታማሚው ሐኪም ቤት ሲደርስ ምንም ያልተጎዳ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ማስታወሻው ይህን ገለበጠና፣ ሥቃይ «ከባድ» የሚባለው የአካል ክፍል ሥራ ሲያቆም፣ የሰውነት ተግባር ሲታወክ ወይም ሰው ሲሞት የሚሰማውን ያህል ሲሆን ነው ብሎ ደመደመ። ታማሚን ቶሎ ለማሳከም የተጻፈ አረፍተ ነገር እስረኛ እስከ ምን ድረስ ሊሰቃይ እንደሚችል መለኪያ ሆነ። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ትርጉም ከሌላ ሕግ መዋስ በራሱ ነውር የለበትም። ከመዋሳችሁ በፊት ግን ያ ሕግ የወጣበት ዓላማ ከያዛችሁት ጋር ይገናኝ እንደሆነ፣ ቃሉንም ይተረጉመው ወይስ በአጋጣሚ ይጠቀምበት እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ የደረሳችሁበትን ትርጉም ፈትኑት። ማንም ሰው ማሰቃየት መሆኑን የማይክደውን ድርጊት ውሰዱ። በደርግ ዘመን «ወፌ ላላ» የተባለውን ታውቃላችሁ፤ ሰው እጅና እግሩ ታስሮ፣ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ውስጥ እግሩ ይገረፋል። በዚያ ማስታወሻ መለኪያ «ኩላሊቱ እስካልቆመ ድረስ ማሰቃየት አይደለም» የሚል ተከራካሪ አፉን ሞልቶ ሊናገር ይችላል። ትርጉማችሁ ወፌ ላላን የሚያሾልክ ከሆነ ሕጉን አልተረጎማችሁም፤ ሽራችሁታል።

ሁለተኛው ጉድለት የተነገረው ሳይሆን ያልተነገረው ነው። ማስታወሻው ፕሬዚዳንቱ የጦር አዛዥ እንደመሆናቸው በምርመራ ጉዳይ ምክር ቤቱ ያወጣው የወንጀል ሕግ አይገድባቸውም ይላል። በ1952 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በኮሪያ ጦርነት መካከል ፕሬዚዳንት ትሩማን የብረት ፋብሪካዎችን መውረሳቸው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷል። ፕሬዚዳንት ከምክር ቤቱ ፈቃድ ተቃራኒ ሲሄድ ሥልጣኑ ከምንጊዜውም ያነሰ እንደሚሆን የሚያስተምረው ዋናው ፍርድ ይኸው ነው፤ የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ያውቀዋል። በ50 ገጹ ውስጥ ስሙ አልተነሳም። እንዲሁም በቴክሳስ አንድ የወረዳ ፖሊስ አዛዥና ረዳቶቹ እስረኞችን በውኃ እያፈኑ የእምነት ቃል በማውጣታቸው ተከሰው ተፈርዶባቸዋል፤ በ1984 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱን ማሰቃየት እያለ ነው የሚጠራው። በውኃ ማፈን ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ጥያቄ የመለሰው ማስታወሻ ይህንንም አልጠቀሰም። ስምምነቱ በአንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 2 ጦርነትም ሆነ ሌላ ልዩ ሁኔታ ለማሰቃየት ምክንያት አይሆንም ብሎ እያለ፣ ማስታወሻው የግድ አስፈላጊነትና ሕጋዊ መከላከል ለመርማሪው መከራከሪያ ሊሆኑት ይችላሉ አለ።

ስለዚህ ረቂቃችሁ ውስጥ፣ ከመደምደሚያው በፊት፣ «የሚቃረኑ ሕጎችና ፍርዶች» የሚል ክፍል ይኑር። ባዶ ከሆነባችሁ ፍለጋችሁ አላለቀም ማለት ነው። የእስረኛው ጠበቃ ብትሆኑ ኖሮ የምታቀርቡትን ክርክር በጠንካራው መልኩ ጻፉት፤ አዳክማችሁ ጽፋችሁ አትርቱት። ከዚያ በጉዳዩ እጁ የሌለበት የሥራ ባልደረባ መደምደሚያውን ሳያይ ያንን ክፍል ብቻ አንብቦ ወዴት እንዳዘነበለ ይንገራችሁ።

ወደ ሁለተኛው ማስታወሻ ልውሰዳችሁ፤ ለተግባር ሥራ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው። የተጻፈው ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ለሲአይኤ ተጠባባቂ የሕግ አማካሪ ለጆን ሪዞ ሲሆን፣ በማርች 2002 ፓኪስታን ውስጥ በተያዘው በአቡ ዙበይዳህ ላይ አሥር ዘዴዎችን መጠቀም ይቻል እንደሆነ ይመልሳል። ከግድግዳ ጋር ማላተም፣ በጥፊ መምታት፣ ጠባብ ሳጥን ውስጥ መክተት፣ እንቅልፍ መንሳት፣ አስጨናቂ አቋቋም፣ በውኃ ማፈን ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። መልሱ «ይቻላል» ነው፤ ነገር ግን በሰጣችሁን ማስረጃ ላይ ተመሥርተን ነው፣ ሁኔታው ከተለወጠ አስተያየታችን ላይሠራ ይችላል ይላል። በትልቁ ሳጥን እስከ 18 ሰዓት፣ በትንሹ እስከ 2 ሰዓት። እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ከ11 ቀን አይበልጥም። ውኃው በአንድ ማፍሰስ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ። ዘዴዎቹ ሲደጋገሙ ኃይላቸው ስለሚቀንስ ድግግሞሹ ብዙ አይሆንም።

የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። በኦገስት ወር ብቻ ያ ሰው 83 ጊዜ ውኃ ፈሰሰበት። የሴኔቱ የደኅንነት ኮሚቴ በዲሴምበር 2014 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ትልቁ ሳጥን ውስጥ በድምሩ 266 ሰዓት፣ ትንሹ ውስጥ 29 ሰዓት አሳልፏል። የትንሹ ሳጥን ስፋት 53 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱና ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር ግድም ነበር። ማስታወሻው ከአልቃይዳ ከፍተኛ አመራር አንዱ ነው ብሎ የተነሳለት ሰው፣ ኋላ ሲአይኤ ራሱ የድርጅቱ አባል አልነበረም ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ዘዴዎቹ ጉዳት አያደርሱም የተባለውም በጠላት ቢያዙ እንዲችሉት በሠለጠኑ የአሜሪካ ወታደሮች ተሞክሮ ነው። ወታደሩ ግን ወዶ የገባ ነው፤ የሚያፍነውም የገዛ አሠልጣኙ ነው፤ በቃኝ ካለ ይቆምለታል። እስረኛው ይህ ሁሉ የለውም። የሲአይኤ ዋና ኢንስፔክተር በ2004 ሲመረምር በተግባር የፈሰሰው ውኃ መጠንና አፈሳሰሱ ለፍትሕ ሚኒስቴር ከተነገረው የተለየ ሆኖ አገኘው።

«በሰጣችሁን ማስረጃ መሠረት» የሚለው አነጋገር ጸሐፊውን የሚያድን ይመስላል፤ አያድንም። ጠያቂው ክፍል ገደቡን ያነበበው ፈቃዱን እስኪያገኝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው «የሕግ ክፍሉ ፈቅዷል» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣላችሁ ማስረጃውን ራሳችሁ ጠይቁ። ሰውየው ማን ነው፣ ማንነቱ በምን ተረጋገጠ፣ ማን ያዘው፣ መቼ፣ ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ፣ የት ነው ያለው፣ ሐኪም መቼ አየው፣ ጠበቃና ቤተ ሰብ ማግኘት ችሏል ወይ። መልሱ በስልክ ከመጣ በጽሑፍ ይምጣ በሉ፤ ስምና ፊርማ ይኑረው። «በመጠኑ»፣ «አስፈላጊ በሆነ ጊዜ»፣ «ተገቢ ጫና» የሚል ቃል ያለበትን ጥያቄ መልሳችሁ ላኩ፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ፈጻሚው ይገለጽ። ድርጊቱን በግልጽ ለመጻፍ የሚያፍር ክፍል መልሱን ራሱ ያውቀዋል። ደግሞም አስተያየታችሁ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፤ ሁኔታው ሲለወጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቋችሁ ጠይቁ፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሳትጠበቁ ፋይሉን ራሳችሁ ክፈቱት።

አሁን ረቂቁን እነማን እንደሚያዩት። መጥፎ አስተያየት የሚወለደው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰው ብቻ ሲያየው ነው። በጃንዋሪ 2002 የጄኔቫ ስምምነቶች ለአልቃይዳና ለታሊባን አይሠሩም የሚለው ረቂቅ ሲዞር፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪ ዊልያም ታፍት በጽሑፍ ተቃውመዋል፤ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓውልም እንዲሁ። ፕሬዚዳንቱ ፌብሩዋሪ 7 ቀን በተቃራኒው ወሰኑ፤ የኦገስቱን ማስታወሻ ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያየው እንኳ አልተደረገም። ተቃዋሚ አንድ ጊዜ ከታወቀ በሚቀጥለው ዙር አይጠራም።

ከሁሉ ይልቅ እንድታጠኑት የምፈልገው የባሕር ኃይሉ ዋና የሕግ አማካሪ አልቤርቶ ሞራ ያደረጉትን ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ራምስፌልድ ዲሴምበር 2 ቀን 2002 ኩባ ውስጥ ላለው የአሜሪካ እስር ቤት ለጓንታናሞ ጠንከር ያሉ የምርመራ ዘዴዎችን ፈቀዱ። ሞራ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ በቃል ለሚኒስቴሩ ዋና የሕግ አማካሪ ነገሩ፤ ለውጥ አልመጣም። ጃንዋሪ 15 ቀን 2003 ድርጊቱ ጭካኔ የተሞላበት፣ ሲብስም ማሰቃየት መሆኑን የሚያስረዳ ማስታወሻ አዘጋጅተው ሳይፈርሙ ላኩ፤ ዘዴዎቹ ካልታገዱ በዚያው ቀን እፈርመዋለሁ አሉ። ፈቃዱ በዚያው ቀን ተነሳ። የተፈረመ ተቃውሞ ፋይል ውስጥ መቀመጡን ማንም ሹም እንደማይወድ ያውቁ ነበርና፣ የመውጫ መንገድም የማይቀር ማስጠንቀቂያም አብረው ሰጧቸው።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ጉዳዩን እንዲያጠና ቡድን ተቋቋመ፤ ቡድኑ በሌላ የጆን ዩ ማስታወሻ (ማርች 14 ቀን 2003፣ 81 ገጽ) እንዲመራ ተደረገ፤ የመጨረሻው ሪፖርትም በኤፕሪል ተቃዋሚዎቹ ሳያውቁ ጸደቀ። ሞራ ሪፖርቱ መጽደቁን ያወቁት በቀጣዩ ዓመት ነው። በኮሚቴ ውስጥ ስትሠሩ «ተቃውሞዬን ተናግሬያለሁ» ብላችሁ አትረፉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፤ የመጨረሻው ቅጂ በእጃችሁ ይግባ፤ ካልተሰጣችሁ በደብዳቤ ጠይቁ።

የወጣውን አስተያየት ማንሳት ከመጻፍ ይከብዳል። በኦክቶበር 2003 የቢሮው ኃላፊ የሆኑት ጃክ ጎልድስሚዝ የማርቹን ማስታወሻ በዲሴምበር፣ የኦገስቱን ዋና ማስታወሻ ደግሞ ሾልኮ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ በጁን 2004 አነሱ፤ በዚያው ሰሞን ሥራቸውን ለቀቁ። ምትኩ ዲሴምበር 30 ቀን 2004 ወጣ፤ ማሰቃየት የተወገዘ መሆኑን በመናገር ይጀምራል። የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 8 ላይ ግን ቀደም ሲል በምርመራ ዘዴዎች ላይ የተሰጡት አስተያየቶች መደምደሚያ በአዲሱ መመዘኛም እንደማይለወጥ ይገልጻል። በሜይ 2005 እነዚያው ዘዴዎች እንደገና ተፈቀዱ። የግርጌ ማስታወሻ ሳታነቡ ሰነድ አንብቤያለሁ አትበሉ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ጃንዋሪ 22 ቀን 2009 በእነዚህ አስተያየቶች መመራት ይቁም ብለው እስኪያዙ ድረስ ስድስት ዓመት ተኩል ገደማ አለፈ።

የባለሙያ ሥነ ምግባር መርማሪዎች በ2009 ዩን ሆን ብሎ በተፈጸመ የሙያ ጥፋት፣ ባይቢን በግድ የለሽነት ጥፋተኛ ናቸው ቢሉም፣ በጃንዋሪ 2010 አንድ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ከፍተኛ ባለሥልጣን ግኝቱን ወደ «የማመዛዘን ጉድለት» ዝቅ አደረጉት። ባይቢ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ዳኛ፣ ዩ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ቀጠሉ። ይህን የምነግራችሁ ከቅጣት ፍርሃት የተነሳ ብቻ ሥራችሁን እንዳትሠሩ ነው፤ ቅጣቱ ላይመጣ ይችላል። የሚመጣው ጉዳት ሌሎች ላይ ነው። የሴኔቱ ሪፖርት በዚያ ፕሮግራም ቢያንስ 119 ሰዎች እንደተያዙ፣ ከእነሱም ቢያንስ 26ቱ ፕሮግራሙ ራሱ ያስቀመጠውን መመዘኛ ሳያሟሉ እንደታሰሩ ይናገራል። ክሱም ይበላሻል፤ በ2023 የጓንታናሞ ወታደራዊ ዳኛ የአሜሪካ የጦር መርከብ በማፈንዳት የተከሰሰውን የአል ናሺሪን የእምነት ቃል፣ ቃሉ ከዓመታት በኋላ በሌሎች መርማሪዎች የተወሰደ ቢሆንም፣ ቀድሞ በደረሰበት ሥቃይ ምክንያት ውድቅ አድርገውታል።

ኢትዮጵያ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የሄደው ቢንያም መሐመድ በኤፕሪል 2002 ካራቺ ላይ ተይዞ፣ ወደ ሞሮኮ፣ ከዚያ ወደ አፍጋኒስታን፣ በመጨረሻም ወደ ጓንታናሞ ተወስዷል፤ በፌብሩዋሪ 2009 ያለ ፍርድ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት አንዲት የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ስለ ደረሰበት ሥቃይ የተናገረውን አምነው ተቀብለው፣ በምርመራ የሰጠው ቃል በሌላ እስረኛ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ከልክለዋል። በሥቃይ የወጣ ቃል የተናገረውን ብቻ አይደለም፤ ስሙ የተጠራበትንም ሰው ዓመታት ያሳስራል።

ወደ እኛ ሕግ ስትመለሱ መነሻችሁ ጠንካራ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊና አዋራጅ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የመጓጓዣ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም ይላል። አንቀጽ 28 ማሰቃየትን በይርጋ ከማይታገዱ፣ ምሕረትም ሆነ ይቅርታ ከማይሰጥባቸው ወንጀሎች ጋር ያነሳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 በምርመራ ጊዜ ሕገ ወጥ ዘዴ የተጠቀመን ሠራተኛ ይቀጣል። ኢትዮጵያ የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱን በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ነው። አንቀጽ 93 ሊታገዱ የማይችሉትን ሲዘረዝር አንቀጽ 18ን ይጠራል፤ አንቀጽ 19ን ግን አይጠራም። ስለዚህ የ48 ሰዓቱ ገደብ ሊላላ ይችላል፣ የማሰቃየት ክልከላው ግን አይላላም። ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ጠያቂው «መብቶች ታግደዋል» ብሎ ሁለቱን ይደባልቃል። እናንተ ለዩአቸው። ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የሚቆይ ከሆነም ማሰቃየት የሚፈጸመው በዚያ ባልታየ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ አስተያየታችሁ የእስረኞች መዝገብ እንዲያዝ፣ ሐኪም በየጊዜው እንዲያየው፣ ያለበት ቦታ ለቤተ ሰቡ እንዲነገር የሚጠይቅ ይሁን። በመደበኛው ጊዜም የጊዜ ቀጠሮ ጥያቄ ስታዩ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ «ምርመራው አልተጠናቀቀም» የሚለው ብቻ አይብቃችሁ፤ ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደተሠራ ይዘርዘር።

መልሳችሁ «አይፈቀድም» ከሆነ አጭር ይሁን። ጥያቄውን እንደደረሳችሁ በጥሬው ገልብጡ፤ አንቀጹን ጥቀሱ፤ «አይፈቀድም» በሉ። «በጥንቃቄ ቢሆን»፣ «አማራጭ ከጠፋ» የሚል ጭራ አትቀጥሉለት፤ የሚነበበው ጭራው ነው። ቀጥሎ መርማሪው በሕግ ምን ማድረግ እንደሚችል ጻፉ፤ የሰነድ ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ብርበራ ፈቃድ፣ የምስክሮች ቃል፣ ጠበቃ ባለበት የሚደረግ ጥያቄ። እምቢ ያለ ብቻ ሳይሆን መንገድ ያሳየ የሕግ ክፍል በሚቀጥለው ጊዜም ይጠየቃል። የመዝገብ ቁጥር ይውጣለት፣ ቀንና ሰዓት ይኑረው፣ ግልባጩ ለበላይ ኃላፊው ይሂድ። ኃላፊው በቃል «ቀይረው» ካላችሁ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ከመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን አስተያየታችሁን ሳትሰርዙ፣ ከትእዛዙ ጋር አያይዛችሁ፣ የማትስማሙበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በፋይሉ ውስጥ አስቀምጡ።